በደመወዝ ቻርት ላይ ቁጥሩ የት ይቀመጥ?

በጅዳም ሆነ በመካ በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች፤ ደመወዛችሁን በደብተር የምትመዘግቡ ብዙዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁም ይህንኑ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ መያዝ ጀምራችኋል። ሰንጠረዡን ወደ ቻርት መለወጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው በየዓምዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም ዳታ ሌብል የሚባለው፣ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እኅት በወር 1,000 ሪያል ተዋውላ፣ በ1ኛውና በ2ኛው ወር ሙሉውን ተቀበለች እንበል። በ3ኛውና በ4ኛው ወር ምንም አልተከፈላትም፤ በ5ኛው 500 ብቻ ተሰጣት። ቻርቱ ሲሠራ ያልተከፈለው ወር ዓምድ አይኖረውም፤ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። አቤቱታዋን የሚመለከት ሰው ዓይኑ ረጃጅሞቹ ዓምዶች ላይ ያርፍና ዋናውን ነገር ያልፈዋል። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ያልተከፈለበትን ወር ባዶ አትተዉት፤ 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ከተተወ ቁጥርም አይወጣለትም።

ቀጥሎ ቦታውን መምረጥ ነው። በኮምፒውተር ኤክሴል (ከ2013 ወዲህ ባለው) ቻርቱን ስትነኩት በጎኑ የመደመር ምልክት ይወጣል፤ በዚያ ውስጥ ዳታ ሌብልስ የሚለውን ምረጡ፣ ከጎኑ ያለውንም ቀስት ተጫኑ። በጉግል ሺትስ ደግሞ ቻርቱን ሁለት ጊዜ ነክታችሁ ከስታማይዝ፣ ከዚያ ሲሪስ ወደሚለው ግቡ። ለጎን ለጎን ዓምዶች አራት ምርጫ አለ፦ ሴንተር ቁጥሩን በዓምዱ መሐል፣ ኢንሳይድ ኤንድ ከጫፉ በታች በውስጥ፣ ኢንሳይድ ቤዝ ከሥሩ፣ አውትሳይድ ኤንድ ደግሞ ከጫፉ በላይ በውጭ ያስቀምጡታል። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የምመክረው አውትሳይድ ኤንድን ነው። 0 የሚለው ቁጥር ከመስመሩ በላይ ብቻውን ጎልቶ ይታያል፤ በአንዳንዶቹ ግን ከታች ካለው የወር ስም ጋር ሊደራረብ ይችላል። ደግሞም ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ሲታተም በጠቆረ ዓምድ ውስጥ ያለ ጥቁር ቁጥር አይነበብም።

የውሉን ደመወዝና የተከፈለውን ጎን ለጎን ካደረጋችሁ በዓመት 24 ቁጥር ይሆናል፤ ዓይን ያደክማል። የተከፈለውን ዓምድ ብቻ ነክታችሁ ለእርሱ ብቻ ቁጥር ስጡት። አንድ ቁጥር ብቻ ከተጣበበም አንድ ጊዜ ስትነኩ ሁሉም ይመረጣሉ፣ ደግማችሁ ስትነኩ ያ አንዱ ብቻ ይመረጣል፤ ከዚያ ጎትታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

ደመወዙን «የተላከ»፣ «የተቀመጠ»፣ «ለራስ የዋለ» ብሎ አንዱን በአንዱ ላይ ለሚደራርብ ሰው ኤክሴል አውትሳይድ ኤንድን አይሰጥም። መፍትሔው የድምሩን ረድፍ ጨምሮ እርሱን ወደ መስመር ቻርት መለወጥ፣ ቁጥሩን አባቭ በሚለው ከላይ ማድረግ፣ መስመሩን ግን ቀለም አልባ ማድረግ ነው። ትንሽ ያስቸግራል፤ አንዴ ከተሠራ ግን ለሁልጊዜ ነው።

ሪያልንና ብርን በአንድ ቻርት አትቀላቅሉ። ሪያል ከ1986 ጀምሮ በዶላር 3.75 ላይ የተተከለ ነው። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ገደማ ወደ 75 ገደማ በአንድ ቀን ዘለለ። በዚያ ስሌት 500 ሪያል ከ7,600 ብር አካባቢ ወደ 10,000 የተጠጋ ሆነ። በብር ብቻ የተሠራ ቻርት ደመወዝ የጨመረ ያስመስላል፤ የተላከው ሪያል ግን ያው 500 ነው።

ቻርት በራሱ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው የባንክ ወረቀትና ደረሰኝ ነው። በሙሳነድ በኩል የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲከፈል የሚያዘው ሥርዓት ከጁላይ 2024 በአዳዲስ ውሎች ተጀምሮ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ወዲህ ሁሉንም አሠሪዎች እንዲመለከት ተደርጓል። ስለዚህ 0 ብላችሁ የጻፋችሁበትን ወር ከባንኩ ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ ወደ ቆንስላው ስትሄዱም ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።