የመጀመሪያ ሥራዬ፦ ዲቪ መሙላት

«መጀመሪያ ምን ሠርተህ ነው ገንዘብ ያገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ዲቪ እሞላ ነበር» እላለሁ። «እሱም ሥራ ነው?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ሥራ ነው። ያውም ከዚያ ወዲህ ከሠራኋቸው ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ሥራ ነው። ዛሬ እሱን በዝርዝር ላጫውታችሁ። በተለይ አሁን በየኢንተርኔት ቤቱ ተቀምጣችሁ የሰው ፎርም የምትሞሉ ወጣቶች እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ ያደገ ልጅ ሥራ አያጣም። ሰፈሩ የሸማኔና የሀበሻ ልብስ ነጋዴ ሰፈር ስለሆነ ከትምህርት ቤት መልስ ማግ የሚያጠነጥን ልጅ ይፈለጋል። የበዓል ሰሞን ደግሞ ዕቃ የሚሸከም፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ገበያተኛ የሚጠራ ይፈለጋል። ከእኩዮቼ መካከል ሊስትሮ የሠሩ፣ ሚዛን ይዘው መንገድ ዳር የተቀመጡ፣ ጋዜጣ ያዞሩ፣ ታክሲ ላይ ረዳት የነበሩ አሉ። እኔም ማግ አጠንጥኛለሁ፤ የጥምቀት ሰሞን የነጠላ ጥቅል ተሸክሜያለሁ። እነዚያ ሥራዎች የሚጠይቁት ጉልበትና ቅልጥፍና ነው። ዲቪ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

ሰፈራችን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ላለው ለአሜሪካ ኤምባሲ ቅርብ ነው። ፎቶ ቤቱም፣ ፎቶ ኮፒውም፣ ትርጉም ቤቱም፣ ኢንተርኔት ቤቱም ወደዚያ በሚመላለሰው ሰው ነው የሚኖረው። ጥቅምት ሲገባ በየበሩ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ከሰዓት በኋላ መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቱ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳ እንደሆነና ኪቦርድ ላይ እጄ ፈጣን እንደሆነ። የሚከፈለኝ በሞላሁት ፎርም ልክ ነበር።

ለማታውቁት፣ ዲቪ ማለት ይህ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ ብዙ ስደተኛ ወደ አሜሪካ ካልሄደባቸው አገሮች ለሚመጡ ሰዎች በዓመት 50,000 ገደማ ቪዛ በዕጣ ይታደል ነበር። ለብዙ ጊዜ ማመልከቻው በወረቀት ተሞልቶ በፖስታ ይላክ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ያ ቀረና በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። በዚያ ጊዜ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ስንት ነበር? ማመልከቻው ያኔ በነፃ ነበር፤ ነገር ግን አመልካቹ ገጹን የሚከፍትለት፣ እንግሊዝኛውን የሚያነብለት፣ ፎቶውን የሚያስተካክልለት ሰው ያስፈልገው ነበር። የእኛ እንጀራ የወጣው ከዚህ ነው።

ፎርሙ ሲያዩት ቀላል ነው። ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ልጆች። ግን ገና ከስሙ ጣጣ አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ደግሞ የግድ ይፈልጋል። እዚያ ቦታ ላይ የአያትን ስም እናስገባለን። አጻጻፉንም ፓስፖርት ላለው ከፓስፖርቱ፣ ለሌለው ከትምህርት ማስረጃው ጋር እናስተያያለን። ፊደል ቢሳሳት ሰውየው ዕጣው ከደረሰው በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

የትውልድ ቀን ከዚህም ይብሳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የልደት ሰርተፊኬት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እምብዛም አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጃቸው ሊያስሞሉ መጡ። «መቼ ነው የተወለደው፣ እማማ?» አልኳቸው።

«በድርቁ ጊዜ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው ልጄ። የታቦቱን እልልታ እየሰማሁ ነው የተገላገልኩት።»

ቀኑ ታወቀ፤ ኅዳር 12። ዓመቱ ግን ገና ነው፤ ድርቅ ሲሉ የ76ቱን ይሁን የ77ቱን አላወቅኩም። «የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ ያ ሁሉ ሰልፍ ሲደረግ፣ ተወልዶ ነበር ወይስ ገና ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሆዴ ገፍቶ ቀበሌ ከሰልፉ አስቀረኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው» አሉ። አሥረኛው ዓመት የተከበረው መስከረም 2፣ 1977 ስለሆነ ልጁ የተወለደው ኅዳር 12፣ 1977 ነው ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይደመራል። ኖቬምበር 21፣ 1984 ብዬ ጻፍኩ። እማማ ቁጥሩን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው ነው የሱ ቀን?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። የልጃቸው የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጻፍ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ፎርም ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፤ እኔም የሚከፈለኝ በቁጥር ነው። ግን የሰው የልደት ቀን በግምት አይጻፍም።

የትውልድ አገርም ያከራክራል። ፎርሙ የሚፈልገው የተወለዱበትን አገር እንጂ ዜግነትን አይደለም። አሥመራ ተወልደው በ1983 ከወላጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ የገቡ ልጆች «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ለምን ኤርትራ ትላለህ?» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። ቁጣቸው ገብቶኝ ነበር። በትዕግሥት አስረዳና የሚወስኑትን ራሳቸው እንዲወስኑ እተዋለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ የትዳርና የልጆች ክፍል ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አመልካቹ ሚስት ወይም ባል ካለው፣ ከ21 ዓመት በታች ያላገቡ ልጆች ካሉት፣ አብረውት ባይሄዱም እንኳ መመዝገብ አለባቸው። አንድ ልጅ ተዘልሎ ከተገኘ ቪዛው ይከለከላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጥተው ሞላሁላቸው። ከመላኬ በፊት እንደ ልማዴ «ሌላ ልጅ የለም፣ ጋሼ?» አልኩ። «የለም» አሉኝ። ግን ዓይናቸው ኮምፒውተሩን ሳይሆን በሩን ያይ ነበር። ደንቡን ለሁሉም እንደማነበው አድርጌ ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩና «ከፈለጋችሁ ነገም ይደርሳል፤ ዛሬ አልልከውም» አልኳቸው። በማግስቱ ብቻቸውን መጡ። ከትዳራቸው በፊት የወለዱትን ልጅ ስምና የትውልድ ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይዘዋል። ማታ ለባለቤታቸው ነግረዋቸው ነበር። ምንም ሳልል አስገባሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሰፈሩን የቤት ምሥጢር ሲያውቅ ምን ያህል ጠባቂ መሆን እንዳለበት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ፎቶው የራሱ ሥርዓት አለው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ፊት ለፊት አስቀምጠን እናነሳለን። ከዚያ 600 በ600 ፒክስል አድርገን እንቆርጠዋለን፤ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም። ያለፈውን ዓመት ፎቶ ድገምልኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፎቶ ስለማይፈቀድ እንደገና አነሳዋለሁ።

ፎርሙ ሲላክ ስክሪኑ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል። የሥራው ትልቁ አደራ ይህ ቁጥር ነው። በፊት ዕጣ የደረሰው ሰው በፖስታ ደብዳቤ ይላክለት ነበር፤ በኋላ ደብዳቤው ቀረና ውጤቱ የሚታየው በድረ ገጹ ብቻ ሆነ። ቁጥሩ በማን እጅ ነው? ውጤቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። በከተማው ቁጥሩን ለደንበኛ የማይሰጡ፣ የራሳቸውን ኢሜይል የሚያስገቡ፣ ዕጣው ሲደርስ «ይህን ያህል ካልከፈልክ አልሰጥህም» የሚሉ ነበሩ። የደረሰውን ሰው ወጪውን ከሚሸፍንለት ሰው ጋር በወረቀት የሚያጋቡም ነበሩ፤ ለዚህ ብለው ተጋብተው ኤምባሲ ላይ የወደቁትን አይቻለሁ። የእኛ ቤት ባለቤት በዚህ ላይ ጥብቅ ነበር። ገጹ ይታተማል፣ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ እኛ ጋር ምንም አይቀርም። ደንበኛው «እናንተው ጋ ይቀመጥ፣ እኔ እጥለዋለሁ» ቢል እንኳ «ቤትዎ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርአን ውስጥ ያስቀምጡት» እንለው ነበር።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም በሰሞኑ እየመጣሁ እሠራ ነበር። የ2003ቱን የሚረሳው የለም። ሚያዝያ 23 የወጣው ውጤት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ዕጣውን በትክክል ስላላወጣ፣ በግንቦት ተሰረዘ። በዓለም ዙሪያ 22,000 ያህል ሰዎች ደረሳችሁ ከተባሉ በኋላ አልደረሳችሁም ተባሉ። ዕጣው እንደገና ወጥቶ ውጤቱ ሐምሌ 8 ተለጠፈ። የእኛም ደንበኞች ነበሩባቸው። መጥተው እስኪሰሙ መጠበቅ ስላልፈለግኩ ለያንዳንዳቸው ደወልኩና ማስታወቂያውን ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ከመካከላቸው ሥራ የለቀቀ አልነበረም። ለሁሉም ቀድመን «ዕጣ መድረስ ቪዛ ማግኘት አይደለም» ብለናቸዋል። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚመረጥባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ቪዛው ግን ግማሹን ያህል ነው። ቪዛውም በበጀት ዓመቱ ውስጥ፣ እስከ መስከረም 20 ካልተሰጠ ይቃጠላል። ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛው እስኪመታ ቤት አይሸጥም፣ ከሥራ አይወጣም። ይህን ደጋግመን መናገራችን ያን ቀን ብዙ ቤት አተረፈ።

የሠራሁት ይህንን ነው። ከዚያ የያዝኩት እምነት አንድ ነው። የወጣት የመጀመሪያ ሥራ የሚመዘነው በሚያስገኘው ገንዘብ ሳይሆን በእጁ በሚጣልበት አደራ ነው። ሰው የማያነበውን ነገር አንብብልኝ ብሎ ሲሰጥህ፣ እውነቱን ካልነገርከው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚያ ላይ የምትሆነውን ነው ኋላም ቢሮ ገብተህ የምትሆነው።

ዛሬ የፓስፖርት ቀጠሮ የምታስይዙ፣ የቪዛ ፎርም የምትሞሉ፣ የፈተና ውጤት የምታዩ ልጆች፣ እነዚህን ያዙልኝ፦

• የደንበኛውን ስልክና ኢሜይል አስገቡ፤ የራሳችሁን በፍጹም። ኢሜይል ከሌለው ክፈቱለትና የይለፍ ቃሉን ጽፋችሁ ስጡት።

• ከመላካችሁ በፊት የሞላችሁትን በሙሉ በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት።

• ያልነገራችሁን አትሙሉ። ያላወቃችሁትን «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በሉ።

• የፓስፖርቱን፣ የፋይዳ መታወቂያውን፣ የፎቶውን ኮፒ ሥራው ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ አጥፉ።

• ቁጥሩ የታተመበት ወረቀት ከቤቱ የሚወጣው በባለቤቱ እጅ ነው።

ለባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። የምዝገባው የመጨረሻ ቀናት ሲደርሱ ተማሪ ልጅ እስከ ሌሊት አታስመሹ። የሠራበትንም በቀኑ ክፈሉት። ሐቀኛ ሠራተኛ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ የእሱን ሐቅ ጠብቁለት።