የዳርቻው ውሃ፦ ስለ ታንኳና ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚነገረውና እውነታው

በእረፍት ጊዜ ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ ተከራይቶ፣ ባሕሩ በየቀኑ በሚሞላባቸውና በሚጎድልባቸው ጠባብ ሰርጦችና ጥልቀት በሌላቸው የባሕር ዳር ሜዳዎች ላይ ዓሣ ማጥመድ በሌላው ዓለም የተለመደ መዝናኛ ነው። ለዚህ የሚውለው ካያክ የተባለው ጀልባ መነሻው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ እነርሱ በእንጨት ወይም በአጥንት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው የሚሠሩት፣ ቀዛፊው ከውሃው ገጽ እምብዛም ከፍ ሳይል ተቀምጦ የሚነዳው ጠባብ ጀልባ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ስለዚህ በስሜን ተራሮች አካባቢ ለሚገኙት ለጃናሞራ፣ ለደባርቅና ለዳባት ነዋሪ የዚህ መዝናኛ ቅርብ አምሳያ የሚገኘው ከጎንደር በስተ ደቡብ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ሲሆን፣ ጀልባውም ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። ስለ ታንኳ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው በደጋው አገር የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከሚነገረው ውስጥ የተሳሳተው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ይኸውም የሐይቅ ቁም ነገሩ ያለው ከጥልቁ መሐል እንጂ ከዳርቻው አይደለም ከሚለው ግምት ነው።

ስለ ባሕር የሰማ ሰው ሐይቅም እንደ ባሕር በጨረቃ ኃይል ይሞላል፣ ይጎድላል ብሎ ያስባል። በውቅያኖስ ዳርቻ ውሃው ከፍ ብሎ ዝቅ የሚለው በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ሲሆን፣ በብዙ ቦታዎች አንዱ ሙላት ከሚቀጥለው ሙላት የሚርቀው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ጣና ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ለስበቱ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማሳየት እጅግ ትንሽ ነው። የጣና ሙላትና ጉድለት የዓመት እንጂ የቀን አይደለም፤ ሐይቁ ዝናብ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይልና፣ ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የደንቢያና የፎገራ ሜዳዎች እጅግ ለጥ ያሉ ስለሆኑ ይህች አንድ ሜትር ተኩል ሰፊ መሬት ታጥለቀልቃለች፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ገበሬው እግር በእግር ተከትሎ ይዘራል፤ ይህንንም ባሕር ሸሽ እርሻ ይሉታል። በባሕር ዳርቻ በአንድ ቀን የሚታየው ነገር እዚህ ዓመቱን ይፈጃል፤ ዓሣውም እንደዚሁ ውሃውን ተከትሎ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ተከትሎም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ ሐይቁ ወደ ዓባይ በሚፈስበት በር ላይ ውሃውን መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህ ግን የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀርቷል።

ሌላው ግምት የስሜን ተራሮች ውሃ ወደ ጣና ይወርዳል የሚለው ነው። ግምቱ ከቅርበት የመጣ ስለሆነ አያስገርምም፤ ሆኖም ከደባርቅና ከዳባት አምባ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ፣ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወደ አንገረብ ይገባል፤ ሁለቱም አትባራን አልፈው ከዓባይ ጋር የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ ነው። ጃናሞራ ላይ የዘነበ ዝናብ ጣናን ሳያይ ነው የሚያልፈው። ይህ ለአጥማጁ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የተከዜ ዓሣና የጣና ዓሣ በዚህ የውሃ መለያ ብቻ ሳይሆን፣ 40 ሜትር ያህል በሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ጭምር ለሺህ ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል። ተከዜ ራሱ ለመዝናኛ ቀዘፋ የሚመች ወንዝ አይደለም፤ ጥልቅ ገደል ውስጥ የሚሄድ፣ አዞና ጉማሬ ያለበት ሲሆን፣ የወንዝ ተጓዡ የሪቻርድ ባንግስ ቡድን በጎማ ጀልባ የወረደበት እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ከዚያ በኋላ 188 ሜትር ቁመት ያለውና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ግድብ የወንዙን አንድ ክፍል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስላደረገው፣ ዛሬ በዚያ በኩል ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች በመረብ ይጠመዳሉ።

ታንኳን በተመለከተ በስፋት የሚነገረው ደካማ መሆኑ ነው፤ ሣር ነውና ይሰምጣል፣ የድሃ መሣሪያ ነው ይባላል። ይህ አባባል በአሠራሩ ላይ ካለ አለማወቅ የመነጨ ነው። ደንገል ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ አየር በተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች የታጨቀ የረግረግ ተክል ነው፤ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹም በገመድ እየተሰፉ ከፊት ሹል ብሎ ወደ ላይ የሚቀና ቅርጽ ይይዛሉ፤ በውስጡም ሌላ የደረቀ የደንገል ነዶ ይነጠፋል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠውም፣ ጭነቱ የሚያርፈውም በዚያ ላይ ነው። ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ከገባበት ይሰምጣል። ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው የተሠራበት ነገር ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው፤ ማዕበል ቢረጨው ውሃው በነዶዎቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል እንጂ አይሞላውም። ትክክለኛው ድክመቱ ሌላ ነው፤ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ከጉዞ የተመለሰ ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ተገትሮ የሚቆመውም ውሃው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ ነው፤ እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን ዕድሜው ከጥቂት ወራት ብዙ አያልፍም።

የደንገልን ጥንካሬ የሚያሳየው ምሳሌ ከጣና ራሱ ተነሥቶ አትላንቲክን የተሻገረ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ሐይቅ ነበር፤ ራ የተባለችው ጀልባውም በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ተሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ የኋላዋ ክፍል ውሃ ጠጥቶ ስለዘቀጠ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች የተሠራችው ራ ሁለት ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ይህ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ በጣና ዳርቻ ይህን ሙያ በተለይ ጠብቀው ያቆዩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ስማቸው አለመነሣቱ ያሳዝናል፤ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ለረጅም ዘመን የተናቁ ኖረዋልና።

ትልቅ ዓሣ የሚፈልግ ወደ ሐይቁ መሐል ይቅዘፍ የሚለው ምክርም የሐይቅ ቁም ነገሩ ከጥልቁ መሐል ነው ከሚለው ከመነሻው ግምት የተወለደ ነው። ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ትልቅ አይደለም፤ እጅግ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቀረሶ ኑሮው ጥልቀት በሌለው፣ ተክል በበዛበት ዳርቻ ነው፤ ወንዱ በውሃው ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፣ እንስቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ ተመልሰው ይገባሉ። አምባዛ በክረምት ለመራባት ወደ ጎርፍ ሜዳው ይወጣል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በአካባቢው ቢልጫ እየተባለ የሚጠራው የዓሣ ወገን ነው። ጣና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ከደረቀበት ተመልሶ ሲሞላ፣ ከወንዝ የመጣ አንድ ወላጅ ዘር ከሌሎች ውሃዎች በፏፏቴው ተለይቶ በዚያው ተባዝቶ 15 ያህል በሌላ በየትም የማይገኙ ዝርያዎችን እንዳስገኘ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የዚህ ዓሣ ቤተሰብ በአፉ ጥርስ የለውም፤ እንዲህም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ሆነዋል፤ የሚያደቁበት ጥርስ ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በሐይቁ ሰፊ ውሃ ተበትነው የሚኖሩት ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመራባት ሲሉ በክረምት መጨረሻ ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠር ባለበት ጥሩ ውሃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ መሐሉ ዓሣ የለውም ማለት ባይቻልም፣ የሐይቁ ዓሣ ሕይወት የሚጀመረው ግን በዳርቻውና በወንዞቹ አፍ ነው።

ዳርቻው የዓሣ ብቻ ስላልሆነ ስለ አደጋው የሚነገረውም መታረም ይገባዋል። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም ይባላል፤ ሆኖም ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእርሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባን ወይም ግልገል ይዛ ወዳለች እናት የተጠጋን ታንኳ ከመገልበጥ አይመለስም። በጣና ጉማሬ በብዛት የሚታየው ዓባይ በሚወጣበትና ግልገል ዓባይ በሚገባበት አካባቢ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቦታዎች ያለ አካባቢው ሰው መቅዘፍ አይገባም። ነፋሱም ቀላል አይደለም፤ ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሲነፍስበት፣ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ለትንሽ ጀልባ ደግሞ ከረጅሙ ማዕበል ይልቅ ይህኛው ይከፋል። ዋና የሚችልም ቢሆን የነፍስ ማዳኛ ጃኬት መልበስ ያለበት ለዚህ ነው።

ለደጋ ሰው ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የማይታየው ቢልሃርዝያ ነው። በስሜን ጅረት ሲታጠብ ያደገ ሰው የጠራ ውሃ አያሳምምም ብሎ ቢያምን የልጅነት ልምዱ ይደግፈዋል፤ ምክንያቱም የበሽታው ትል የዕድሜውን አንድ ክፍል የሚያሳልፍበት ቀንድ አውጣ ብርድ አይወድም፤ በሽታውም በኢትዮጵያ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ እምብዛም አይተላለፍም፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ቀንድ አውጣው በተክል በተሞላው ዳርቻው ይኖራል፤ ከእርሱ የሚወጣው ዓይን የማያየው ትል የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በጠነከረችበት የእኩለ ቀን ሰዓት ነው። ታንኳ ለመግፋት ጉልበቱ ድረስ የገባ ሰው ከጉዞው ሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ ቢያደርግ በሽታው ይታወቃል፤ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒትም ይታከማል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጉዳቱ የከፋው እምነት ብርብራ ዓሣውን ያሰክረዋል እንጂ አይጎዳም የሚለው ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ በወንዝ ሲበተን ዓሣው ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ይህ ግን ስካር አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥቡ በኩል ገብቶ የሰውነት ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ዓሣው የሚሞተው በኦክስጅን በተሞላ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ነው። መረብ በዓይኑ ስፋት ትንሹን ዓሣ ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን ሳይመርጥ ጫጩቱንም፣ እንቁላል የያዘችውንም፣ ዓሣው የሚመገበውን ነፍሳትም ይፈጃል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የጣና ዓሣ አያልቅም የሚለው አባባል በቁጥር የተሻረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ፣ መረብ በወንዞቹ አፍ ላይ በመራቢያ ወቅት መዘርጋት ተለመደ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገ ክትትል ለመራባት የደረሱት የቢልጫ ዓሦች ብዛት ከ75 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ቢልጫ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዓመታት የሚፈጅበት ዓሣ ስለሆነ፣ በአንድ ክረምት የተወሰደውን በሚቀጥለው አይተካም። ዳርቻውም ራሱ እየጠበበ ነው፤ ደንገሉ ለእርሻ ይመነጠራል፣ ከገባር ወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ይጫናል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ዳርቻ ወርሯል። እምቦጭ እንደ ደንገል ለዓሣ መጠለያ ይሆናል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ሆኖም ደንገል ሥር ሰዶ ቆሞ በመካከሉ ውሃና ብርሃን ሲያሳልፍ፣ እምቦጭ ተንሳፍፎ የውሃውን ገጽ ይከድናል፣ ሲሞትና ሲበሰብስም ከሥሩ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ቀረሶም ጎጆውን የሚቆፍርበት ብርሃን ያለበት ወለል ያጣል። በጎርጎራ ታንኳ ለመሳፈር የሚመች ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አልፏል፣ ሐይቁም ገና ሙሉ ነው፤ ወደ ወንዞቹ የወጣው ቢልጫም በአብዛኛው እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሰፊው ውሃ ተመልሷል።