የእርዳታ ሠራተኛና የአማን ሕግ በኢስላማዊ ፊቅህ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2003 በባግዳድ ካናል ሆቴል የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በፈንጂ ተመትቶ 22 ሰዎች ተገደሉ። ዕለቱ ዛሬ የዓለም የሰብዓዊነት ቀን ሆኖ ይታሰባል። ጥቃቱን የፈጸሙት ወገኖች ግን ድርጊታቸውን የጂሃድ ተግባር አድርገው አቅርበውታል። ስለዚህ ጉዳዩ የዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ሳይሆን የፊቅህም ጥያቄ ነው፤ መልሱን ከመስጂድና ከመድረሳ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉና።

የመልሱ ቁልፍ «አማን» ነው። አማን በጦርነት ጊዜ ከሌላው ወገን ለመጣ ሰው ለሕይወቱና ለንብረቱ የሚሰጥ ዋስትና ሲሆን፣ ዋስትናው የተሰጠው ሰው «ሙስተእሚን» ይባላል። መሠረቱ ሱረቱ አት-ተውባህ 9፥6 ነው፤ አንቀጹ ጥበቃ የጠየቀ ሙሽሪክ እንዲጠበቅ፣ ኋላም ሥጋት ወደሌለበት ስፍራው እንዲደርስ ያዛል። እንደ አብዛኞቹ ፉቀሃዎች አቋም አማን የመስጠት መብት የመሪ ብቻ አይደለም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በመካ መከፈት ጊዜ ኡሙ ሃኒእ (ረ.ዐ)፣ ወንድማቸው ዓሊይ (ረ.ዐ) ሊገድሉት ላሰቡት ሰው ጥበቃ ሲሰጡ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥበቃቸውን አጽድቀውላቸዋል። ዑመር (ረ.ዐ) በበኩላቸው ለጦር አዛዣቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ ጠላትን በቋንቋው «አትፍራ» ካሉት በኋላ መግደልን አጥብቀው ከልክለዋል። አንዲት ቃል ይህን ያህል ከከበደች፣ በጽሑፍ የተሰጠ የመግቢያ ፈቃድማ ምን ያህል ይከብድ! በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎችም ቪዛን ከአማን ይቆጥሩታል።

«ሠራተኛው ሰላይ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥርጣሬ ግን ደምን አይፈቅድም። ሱረቱ አል-ሑጁራት 49፥6 ወሬን ማጣራትን ያዛል፤ ማጣራትና መፍረድም የዳኛ ሥራ እንጂ መሣሪያ የታጠቀ ግለሰብ ሁሉ ሥራ አይደለም። ክሕደት የተፈራበት ቃል ኪዳን እንኳ በግልጽ ተነግሮ ይፈርሳል እንጂ በድብቅ አይጣስም (8፥58)።

ሌላም ነጥብ አለ። በጥቃት ከሚሞቱት የእርዳታ ሠራተኞች አብዛኞቹ የየአገሩ ተወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በትግራይ ከተገደሉት ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የአገሩ ተወላጅ፣ ሙስሊምም ይሁን ጎረቤቱ የሆነ ክርስቲያን፣ ደሙ አስቀድሞ የተከበረ ስለሆነ አዲስ አማን አያሻውም። ከዚህም ጋር ሁሉም መንግሥታት የ1949ኙን የጄኔቫ ስምምነቶች ተቀብለዋል፤ ቃል ኪዳንን መሙላት ደግሞ የቁርኣን ትእዛዝ ነው (5፥1)።

የእኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ታሪክ የሚጀምረው በነጃሺ ጥበቃ ሥር ከተጠለሉት ሶሓቦች ነው። ስለዚህ መምህራን የአማንን ምዕራፍ ሲያስተምሩ በጥንታዊ ምሳሌ ብቻ ሳይወሰኑ፣ ዱቄትና መድኃኒት ጭኖ የሚጓዘውን ሾፌር፣ ቁስለኛ የምታክመውንም ነርስ ይጥቀሱ፤ ኢማሞችም ወሬ በሚበዛበት ወቅት ይህን ሕግ በኹጥባቸው ያስታውሱ። ሕጉ ከጥቃቱ በፊት ከተሰማ ነፍስ ያድናል፤ ከጥቃቱ በኋላ ግን ለሐዘን ብቻ ይቀራል።