«ትንሽ ይነዝራል» የሚባለው ሻወር

ልጅዎ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ብሎ «እማዬ፣ ቧንቧው ይነዝረኛል» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ «ነጠላ ጫማህን አድርግ» የሚል ነው። ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ ይዞ መክፈት እንደ ደንብ የተቆጠረበት ቤትም አለ። እንግዳ እንኳ ሲመጣ «ትንሽ ይነዝራል፣ በፎጣ ይክፈቱት» ይባላል።

የሚነዝር ሻወር ግን በጥቂቱ የተበላሸ ሻወር አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከተመደበለት መንገድ ወጥቶ ውሃው ወይም ብረቱ ዘንድ መድረሱን የሚያስታውቅ ነው። የቤታችን መሥመር 220 ቮልት ነው፤ እርጥብ ገላ ደግሞ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ከደረቅ ገላ እጅግ ያነሰ ነው። ልብን ለማወክ አንድ አሥረኛ አምፔር እንኳ የማይሞላ ኤሌክትሪክ ይበቃል። ትናንት ነዘር አድርጎ የለቀቀዎት ቧንቧ፣ ነገ ሳሙና የተቀባ ልጅ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ቢይዘው ላይለቀው ይችላል። ነጠላ ጫማው እግርን እንጂ ግድግዳ የነካውን እጅ አያድንም።

ስለዚህ መነዘሩ እንደ ታወቀ ማንም ሰው ወደዚያ መታጠቢያ ቤት አይግባ። እጅዎን አድርቀው፣ ጫማ አድርገው፣ የሻወሩን ብሬከር ከዋናው ሳጥን ላይ ያውርዱ። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ማብሪያው የተሳሳተውን ሽቦ የሚቆርጥ ሆኖ ከተገጠመ ሻወሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቀራል። ይነዝር እንደሆነም በእጅ አይሞክሩት፤ ያ የባለሙያው ቴስተር ሥራ ነው። ብሬከሩ ወርዶ ቧንቧው ኤሌክትሪክ ካሳየ ጥፋቱ ከሌላ ዕቃ ወይም በጋራ ሕንፃ ከሆነ ከጎረቤት ቤት ሊመጣ ይችላልና፣ ለጎረቤቶችዎ ቶሎ ይንገሯቸው።

የማይነዝር፣ ነገር ግን የማያሞቅ ሻወር ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃው ሲወርድ ወዲያው የሚያሞቀው ዓይነት ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው የውሃው ግፊት ነው። ውሃው ቀጭን ከሆነ አይገናኝም፤ ስለዚህ ዕቃው ተበላሸ ከማለትዎ በፊት የውሃውን ኃይል ይመልከቱ። የወንፊቱ ቀዳዳዎች በነጭ ዝቃጭ ተደፍነው እንደሆነም፣ ብሬከሩን አውርደው ወንፊቱን በእጅ ይፍቱና በአቼቶ ዘፍዝፈው በብሩሽ ይጠቡት። ከወንፊቱ ወዲያ ግን ካቻቢቴ አያንሡ። ቦይለር ከሆነ፣ መብራቱ በርቶ ውሃው ካልሞቀ ሬዚስታንሱ ወይም ሙቀት መቆጣጠሪያው መበላሸቱ አይቀርም፤ ይህ የባለሙያ ነው። ሲሞቅ ከቦይለሩ ሥር በጠብታ የሚወርደው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ጉድለት አይደለም። የሰፋው ውሃ የሚተነፍስበት ነውና በጨርቅም ሆነ በክር አይድፈኑት።

ብሬከሩ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ደጋግሞ ማንሣት፣ ይባስ ብሎም በትልቅ ብሬከር መለወጥ፣ የሚጮኸውን ዘበኛ አፉን እንደ ማፈን ነው። ሒሳቡን እንመልከት። 5500 ዋት የሚል ሻወር በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ ይህም ከእንጀራ ምጣድ ይበልጣል። የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሻወር በሶኬት፣ አልፎም በዲቫይደር መሰካት ሽቦውን ማቃጠል ነው። ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ፣ ሽቦው በናስትሮ ተጠቅልሎ ከተገኘ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተዎት መነዘሩን አይጠብቁ።

ባለሙያው ሲመጣ አጠገቡ ቆመው ይጠይቁት፤ የርስዎ ቤት ነውና ማፈር የለብዎትም። ሻወሩ ከሳጥኑ የሚነሣ የራሱ ወፍራም ሽቦ አለው ወይ? ቢጫና አረንጓዴ መሥመር ያለበት የመሬት ሽቦ በእርግጥ ታስሯል ወይ? በብዙ ሻወር ላይ ይህ ሽቦ ተቆርጦ ወይም ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ያለ እርሱም ሻወሩ ስለሚያሞቅ ማንም ልብ አይለውም። አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረዋል፤ ቧንቧው በፕላስቲክ ተለውጦ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ መሄጃ የለውም። በመጨረሻም 30 ሚሊአምፔር የሚል፣ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ እንዲገጥምልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም በላዩ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በፊትዎ ይጫነው። ካልቆረጠ አልሠራም ማለት ነው።

አንድ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛዋም ጭምር ይነገር፦ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሰው ማስያዝ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፤ ቀጥሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ስለዚህ ሳጥኑ የት እንዳለና የትኛው ብሬከር የሻወሩ እንደሆነ ልጆችም ይወቁ፤ በእስክሪብቶ ጽፈው ይለጥፉበት።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ሳፋና ድስት አሉ። ልጅ የሚታጠብበት ሳፋ ላይ ቀዝቃዛው ውሃ ቀድሞ፣ የፈላው ቀጥሎ ይጨመር፤ ልጁም የሚጠራው ውሃው ተቀላቅሎ በክርንዎ ከተለካ በኋላ ነው።