የከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ዕቅድ

የከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ዕቅድ በአንድ ከተማ ውስጥ የአውቶቡስና የቀላል ባቡር መስመሮች በየት እንደሚያልፉ፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመላለሱ፣ ፌርማታዎችና ጣቢያዎችም የት እንደሚቀመጡና ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖራቸው የሚወስን የሥራ ዘርፍ ነው። ዓላማው ባለው ተሽከርካሪና ገንዘብ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜና በአስተማማኝ ሁኔታ ካሰበበት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ መሠረታዊ ሐሳቦቹን ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከመቂ በተወሰዱ ምሳሌዎች ያብራራል።

ታሪክ በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተጀመረ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማው ሕዝብ ከአንበሳ ሌላ በአነስተኛ ታክሲዎች ሲገለገል ቆይቷል። በኋላም የሸገር አውቶቡሶች ተጨምረዋል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ተከፈተ። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። አገልግሎቱ በ41 ባቡሮች ተጀመረ።

የጊዜ ርቀትና የተሽከርካሪ ብዛት

በአንድ ፌርማታ ላይ በሁለት ተከታታይ ተሽከርካሪዎች መካከል ያለው ጊዜ «የጊዜ ርቀት» ሊባል ይችላል። ለተሳፋሪው ከሁሉ በላይ የሚሰማው ይህ ቁጥር ነው። ተሽከርካሪዎቹ እኩል ተራርቀው የሚመጡ ከሆነ፣ ሰዓት ሳያይ የመጣ ሰው በአማካይ የጊዜ ርቀቱን ግማሽ ይጠብቃል።

አንድን መስመር ለማስኬድ የሚያስፈልገው የተሽከርካሪ ብዛት የደርሶ መልስ ጊዜን ለጊዜ ርቀቱ በማካፈል ይገኛል። ለምሳሌ አንድ የባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ይርዘም፤ ባቡሩ በየጣቢያው መቆሙ ተጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። የአንድ አቅጣጫ ጉዞ 51 ደቂቃ ይወስዳል። በእያንዳንዱ ጫፍ ለመዞሪያ 6 ደቂቃ ሲጨመር ደርሶ መልሱ 114 ደቂቃ ይሆናል። በየ6 ደቂቃው ባቡር እንዲመጣ 114 ለ6 ሲካፈል 19 ባቡር ያስፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነት ሁለት መስመሮች 38 ማለት ነው። ከ41 ባቡሮች ለጥገናና ለመጠባበቂያ የሚተርፉት 3 ብቻ ናቸው።

ይህ ስሌት የጥገናን ዋጋ ያሳያል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ከላይ ባለው ምሳሌ በአንድ መስመር ላይ 7 ባቡር ብቻ ቢቀር የጊዜ ርቀቱ ወደ 16 ደቂቃ ያድጋል፤ አማካይ ጥበቃውም ከ3 ወደ 8 ደቂቃ ይወጣል። አንድ ባቡር 280 ሰው ቢይዝ፣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት የሚጓዘው ሰው ከ2,800 ወደ 1,030 ገደማ ይወርዳል። ሐዲዱና ጣቢያው እንዳሉ ሆነው አገልግሎቱ ግን ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የመለዋወጫና የጥገና ወጪ ከግንባታው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

የጋራ ሐዲድ

የአዲስ አበባ ሁለቱ የባቡር መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ይጠቀማሉ። በዚህ ክፍል ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የተባሉ አምስት የጋራ ጣቢያዎች አሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ግንባታው ይቀንሳል፤ ተሳፋሪውም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመቀየር ከጣቢያ መውጣት አያስፈልገውም።

ጉዳቱ የጋራው ክፍል የሁለቱንም መስመሮች ምልልስ መገደቡ ነው። እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው ባቡር ቢልክ፣ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል። መስመሮቹን በየ4 ደቂቃ ማድረግ ከተፈለገ የጋራው ክፍል በየ2 ደቂቃ ባቡር ማስተናገድ መቻል አለበት። በአንዱ መስመር ላይ የተፈጠረ መዘግየትም ወደ ሌላው ይተላለፋል።

የአውቶቡሶች መከታተል

አንድ አውቶቡስ ትንሽ ሲዘገይ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ሰው ሲበዛ መሳፈሪያው ጊዜ ይወስዳል፤ አውቶቡሱም ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥናል። በመጨረሻ ሁለቱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የፊተኛው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የኋለኛው ባዶውን።

ተሳፋሪው «አንድም አልመጣም፤ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሆኖ መጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው ቢመጡ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው። እነዚያው ሁለት አውቶቡሶች በ18 እና በ2 ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ ግን 8.2 ደቂቃ ይሆናል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። መፍትሔዎቹ ቀድሞ የደረሰውን አውቶቡስ በተወሰነ ፌርማታ ላይ ማቆየት፣ ቲኬት ከመሳፈር በፊት መሸጥ፣ በሁሉም በር ማሳፈርና ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ መስጠት ናቸው።

የብራዚሏ ኩሪቲባ ከተማ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶቡሶችን በተከለለ መንገድ አስኬዳለች፤ በኋላም ሰው ከፍሎ የሚጠብቅባቸውን ከፍ ያሉ ጣቢያዎች ሠርታለች። በአፍሪካም ሌጎስ በ2008፣ ዳሬሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት አገልግሎት ጀምረዋል።

የፌርማታ ርቀት

ፌርማታዎች ሲቀራረቡ የእግር ጉዞ ያጥራል፤ የተሽከርካሪው ጉዞ ግን ይረዝማል። በ10 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ፌርማታ በየ250 ሜትሩ ቢሆን 40 ጊዜ፣ በየ500 ሜትሩ ቢሆን 20 ጊዜ ይቆማል። አንዱ መቆም 30 ሰከንድ ቢፈጅ ልዩነቱ 10 ደቂቃ ነው። በአንጻሩ 400 ሜትር ለጤነኛ ሰው የ5 ደቂቃ እርምጃ ሲሆን፣ ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛ ወይም ልጅ ላዘለች እናት ግን ከዚህ ይረዝማል። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በጣቢያዎች መካከል ያለው አማካይ ርቀት 800 ሜትር ያህል ነው።

የጣቢያ አቀማመጥ

የባቡር መሳፈሪያ መድረክ በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ መድረክ ሲቀመጥ ደረጃው፣ ሊፍቱና ቲኬት መሸጫው አንድ ብቻ ይሆናል፤ አቅጣጫ የተሳሳተ ሰውም ዞሮ ይሳፈራል። መድረኮቹ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ሲሆኑ ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሆኖም ሁሉም ነገር እጥፍ ያስፈልጋል።

ባቡሩ በመንገድ መሐል ሲሄድ፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ተሳፋሪው ወደ ጣቢያው ለመግባት የመኪና መንገድ ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። የእግረኛ መሻገሪያው የጣቢያው አካል ተደርጎ ካልታቀደ ሰዎች በአጥር ይዘላሉ ወይም በመኪኖች መካከል ይሮጣሉ።

መናኸሪያና የመሳፈሪያ ቦታ ብዛት

በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሚኒባስና አገር አቋራጭ ተሽከርካሪ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ይህ አሠራር የመናኸሪያውን ስፋት ይወስናል። በሰዓት 24 መኪና የሚነሳበት መናኸሪያ፣ እያንዳንዱ ለመሙላት 20 ደቂቃ ቢቆም 8 የመሳፈሪያ ቦታ ያስፈልገዋል። በሰዓት ተመድበው በ10 ደቂቃ ቢነሱ 4 ይበቃል። በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ የሚመጣውን ሰው ለማስተናገድ ግን ተጨማሪ ቦታ ይያዛል። መግቢያና መውጫው ቢለያይ፣ እግረኛውም የመኪናውን መንገድ ሳያቋርጥ ቢሳፈር አደጋ ይቀንሳል።

አዳማና መቂ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአዳማ ያለፈው በከተማዋ መሐል ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። ቀጥ ያለ ሐዲድ ለፈጣን ባቡርና ለጭነት ይመቻል፤ ተሳፋሪው ግን ጣቢያ ለመድረስ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተገናኘ የከተማ አውቶቡስ የጣቢያው ግማሽ አካል ነው።

በምሥራቅ ሸዋ፣ በዱግዳ ወረዳ የምትገኘው መቂ ተመሳሳይ ጥያቄ አለባት። ከተማዋ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያደገች፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ንግዷ የምትታወቅ ናት። 202 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ከሞጆ–መቂና ከመቂ–ባቱ ክፍሎች ይጀምራል። በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ድሮው ዳር ይዞ ተሳፋሪ ማውረድና ማንሳት አይቻልም። መናኸሪያው በከተማው መሐል ቢሆን ለገበያውና በባጃጅ ወይም በጋሪ ለሚመጣው ሰው ይቀርባል፤ ረጅም ርቀት የሚሄደው አውቶቡስ ግን ከመንገዱ ወጥቶ መግባት አለበት። በፍጥነት መንገዱ መውጫ አጠገብ ቢሆን አውቶቡሱ ጊዜ ያተርፋል፤ የባጃጁን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ የመናኸሪያ ቦታ ሲመረጥ የሚቆጠረው ከአውቶቡስ እስከ አውቶቡስ ያለው ጊዜ ሳይሆን ከቤት እስከ መድረሻ ያለው አጠቃላይ ጊዜና ወጪ ነው።