የእጅ ማገገሚያው መነጽር ያዋጣ ይሆን?

ስትሮክ አንድ እጅ ሲያሰንፍ ብር መቁጠር፣ ጨርቅ መለካት፣ መሪ መያዝ ይቆማል፡፡ ለነጋዴው ይህ ሕመም ብቻ ሳይሆን የሱቅ መዘጋትም ነው፡፡ እጁን ለመመለስ ያንኑ እንቅስቃሴ በየቀኑ ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል፤ ለውጡ ይበልጥ የሚፈጥነውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፡፡

የካ ውስጥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ዳገት ለሚኖር ታማሚ ግን ወርዶ ፊዚዮቴራፒ መግባት የሁለት ሰው ትራንስፖርትና የደጋፊውን የሥራ ቀን ያስከፍላል፡፡

ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተሰኘው ቴክኖሎጂ ገበያ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው፡፡ ታማሚው በመነጽር ወይም በስክሪን የራሱን ጠረጴዛ እያየ፣ በላዩ የሚታየውን ምናባዊ ኩባያ ለማንሳት ክንዱን ይዘረጋል፡፡ መሣሪያው ይቆጥራል፣ ይመዘግባል፡፡

በ2025 እ.ኤ.አ. የታደሰው የኮክሬን ግምገማ የቅርብ ዘመዱን፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲን፣ በ190 ሙከራዎች መዝኗል፡፡ በሌላ ሕክምና ምትክ ሲሰጥ ለክንድ ያስገኘው ብልጫ ጥቂት ሲሆን፣ በመደበኛው ላይ ተጨማሪ ሰዓት ሆኖ ሲገባ ግን የተሻለ ጠቅሟል፡፡ ስለዚህ ባለሙያውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ዕቃ አይደለም፡፡

ዋጋውስ? ሜታ ክዌስት 3 በ2023 እ.ኤ.አ. በ499 ዶላር፣ አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 በ3,499 ዶላር ለውጭ ገበያ ቀርበዋል፡፡ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ርካሹ 28 ሺህ ብር ገደማ ይወጣ ነበር፡፡ በ120 ብር ሲሰላ ያለ ቀረጥና ማጓጓዣ 60 ሺህ ብር ይጠጋል፡፡

አስመጪው ሌላም ስጋት አለበት፡፡ ለብዙ ጥናቶች ያገለገለው የማይክሮሶፍት ኪኔክት በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ሆሎሌንስ 2 ደግሞ በ2024 ምርታቸው ቆሟል፡፡ መጋዘን ሞልቶ መለዋወጫ ማጣት ይመጣል፡፡ ዕቃው ለሕክምና ተብሎ ሲገባም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ይመለከተዋል፡፡

አነስ ያለ ካፒታል የሚጠይቀው መንገድ ስልክ ነው፡፡ ጎግል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የለቀቀው ሚዲያፓይፕ የጣቶችን እንቅስቃሴ በተራ ካሜራ ይከታተላል፡፡ በእሱ ላይ የአማርኛ መመሪያ ያለው ፕሮግራም ሠርቶ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ በሳምንት አንዴ እየተቆጣጠረ አገልግሎቱን በወር ማከራየት ይቻላል፡፡ እጁ ጨርሶ ለማይንቀሳቀስ ታማሚ ግን ይህ አይሆንም፤ ማን ሊጠቀም እንደሚችል የሚለየው ባለሙያው ነው፡፡ የሚያዋጣው ሽያጭም መነጽሩ ሳይሆን ታማሚው ቤቱ ሆኖ የሚሠራበት ሰዓት ነው፡፡