የሻጩ ሒሳብ የገዢው አይደለም

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ገዝቶ የሚያከራየው ቤት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ውሎ አድሮ ዊተን፣ ግሌንሞንት ወይም ላንግሊ ፓርክ መድረሱ አይቀርም። እነዚህ የሜሪላንድ ሰፈሮች በአብዛኛው የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የቤት ብድር ዋስትና በሰጠበት ዘመን ነው። ብዙዎቹ ጠበብ ያሉ የጡብ ቤቶች ናቸው። ባለቤቶቹ ሲያርፉ ወራሾች «ባለበት ሁኔታ» ብለው ለገበያ ያወጧቸዋል፤ ዋጋቸውም ከአዲስ ቤት ዝቅ ይላል። ደላላው የሚያሳየው የወጪ ዝርዝር ግን የሻጩ ነው።

ከግብሩ እንጀምር። በራሱ ቤት የሚኖር ሜሪላንዳዊ፣ ግብር የሚሰላበት የቤቱ ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ቢያድግ እንኳ ከዚያ ያለፈው አይታሰብበትም፤ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ጣሪያውን ከዚህም ዝቅ አድርጎታል። ቤቱ ሲሸጥ ይህ ጥበቃ ይቋረጣል፤ ለሚያከራይ ገዢ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። አንዲት አዛውንት ለረጅም ዘመን የኖሩበት ቤት የግብር ደረሰኝ ታዲያ ለአከራይ ምኑ ነው? የስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ያስገባ ሰው ቤቱ የተሠራበትን ዓመት፣ ያለፈውን የሽያጭ ዋጋና ባለቤቱ ይኑርበት አይኑርበት በነጻ ያያል።

ብድሩ ይብሳል። 400,000 ዶላር ለ30 ዓመት ሲበደሩ በ3 በመቶ ወለድ የወሩ ክፍያ 1,690 ዶላር ገደማ ነው፤ በ7 በመቶ 2,660 ይደርሳል። ቤቱም ተከራዩም ያው ሆነው ልዩነቱ በወር 970 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2021 በዝቅተኛው ወለድ የገዛ ጎረቤት «ኪራዩ ሞርጌጁን ይሸፍናል» ቢል አልዋሸም፤ ለዛሬ ገዢ ግን አይሠራም። ለኪራይ ለሚገዛ ሰው ባንኮች ወለዱን ከፍ ማድረጋቸውም አለ። (ቅድሚያ ክፍያውን ከዕቁብ ያሰበ ገንዘቡን ቀደም ብሎ ባንክ ያስገባ፤ አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃሉ፣ ድንገት የገባ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከየት መጣ ይባላል።)

በየወሩ ከኪሱ እየጨመረ «ግድ የለም፣ ቤቱ ዋጋ ያወጣል» የሚለውን ላም አለኝ በሰማይ እለዋለሁ። ለምሳሌ በላንግሊ ፓርክና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው የፐርፕል ላይን ባቡር በ2022 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ አሁን የተቀጠረው ለ2027 መጨረሻ ነው። ሻጮች ግን ተስፋውን ዋጋው ላይ ከጨመሩት ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ዓይን የማያየው ነው። አዲስ ቀለምና አዲስ ኩሽና ማንንም ያማልላሉ፤ ከቤቱ እስከ መንገዱ የተቀበረው የፍሳሽ ቱቦ ግን የ1950ዎቹ ሸክላ ሊሆን ይችላል። ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካለ ሥሩ በመገጣጠሚያው ይገባል። መደበኛው ኢንስፔክሽን ቱቦውን አያየውም፤ ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ ለብቻው መቅጠር ያስፈልጋል። እሱ ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላል፤ ቱቦውን ቆፍሮ መቀየር ግን ከአሥር ሺህ ሊያልፍ ይችላል። ከ1978 በፊት ለተሠራ ኪራይ ቤት የእርሳስ ቀለም ምርመራና ምዝገባም ግዴታ ነው።

የኪራዩ ገቢም እንደ ልብ አያድግም፤ ዊተንና ግሌንሞንት ያሉበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን ገድቧል፦ የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ፣ ቢበዛ 6 በመቶ። በካውንቲው ከሁለት የማይበልጡ የኪራይ ቤቶች በራሱ ስም ያለው ግለሰብ ከዚህ ነጻ ነው። ብዙ ሰው ተጠያቂነትን ፈርቶ ቤቱን በድርጅት ስም ይገዛል፤ ሕጉ የሚያወራው ግን ስለ ግለሰብ ነው። ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ መሄድ ያለበት የግዢ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።